አፕዴት እምቢ ሲል ዲፌንደርን ለማጥፋት አትቸኩሉ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው እህቴ የዊንዶውስ አፕዴት አልጨርስ ሲላት ዲፌንደሩን (የዊንዶውስ የራሱን ጸረ-ቫይረስ) አጥፍታ ሞከረች። ምንም ለውጥ የለም። ለካ ፋይሉ እየወረደ መብራት ሄዶ ተበላሽቷል።

መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ መኖሩን እዩ። ከዚያ ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ፈልጉና «ዊንዶውስ አፕዴት»ን በቀኝ ክሊክ «ስቶፕ» በሉት። ሲ ድራይቭ፣ «ዊንዶውስ»፣ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን»፣ «ዳውንሎድ» ገብታችሁ ውስጡ ያለውን ብቻ ዲሊት አድርጉት፤ ፎልደሩን ራሱን ተዉት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።

ዲፌንደርን የግድ እናጥፋ ካላችሁ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» የሚለውን ብቻ አጥፉ፤ ቆይቶ በራሱ ይበራል። እስከዚያ ፍላሽ እንዳትሰኩ። የፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽማ የቫይረስ ጎተራ ነው! ባትሪውም ሳይሞላ አትጀምሩ፣ የኛ መብራት አይታመንም።