ለማታውቁት ደንበኛ በ«እርስዎ» ጀምሩ

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ዕቃ ለምትሸጡ ሁሉ፦ አዲስ ደንበኛ ሲጽፍላችሁ «ሰላም ነሽ የኔ ቆንጆ» ወይም «እሺ ወንድሜ» ብላችሁ አትጀምሩ። ፕሮፋይሉ ላይ የሚታየው አበባ ወይም የሕፃን ፎቶ ነው። የሚጽፉላችሁ የ60 ዓመት አባት ሊሆኑ ይችላሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ይበቃል። «እርስዎ» ወንድና ሴት ስለማይለይ ጾታ ከመገመትም ያድናችኋል። ስማቸውን ካወቃችሁ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ከራሳቸው ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ ከአባት ስም ጋር አይደለም። ወይዘሮ ይሁኑ ወይዘሪት ካላወቃችሁ ማዕረጉን ተዉት፣ አክብሮቱ በግሱ ላይ ይታያል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው መሀል ላይ ነው። «እንኳን ደህና መጡ» ብለን ጀምረን፣ ትንሽ ቆይተን «አድራሻህን ላክልኝ» እንላለን። ይሄ ከመጀመሪያው «አንተ» ከማለት የባሰ ጆሮ ይጎረብጣል። «አድራሻዎን ይላኩልኝ» ብላችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑ።

ደንበኛው ራሱ «ሰላም ወንድም፣ 42 ቁጥር አለህ?» ብሎ ከመጣ ግን ዘና በሉ። እንዲህ ላለው ሰው «እርስዎ» ማብዛት ያርቃል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ቀላል ነው። በ«አንተ» ጀምሮ፣ ዕቃው ተበላሽቶ ቅሬታ ሲመጣ ወደ «እርስዎ» መውጣት ግን ይከብዳል።

ዋትስአፕ ቢዝነስ የምትጠቀሙ ደግሞ አውቶማቲክ ሰላምታችሁን ዛሬውኑ እዩት። ለአዲስ ደንበኛም ሆነ ለ14 ቀን ላልተጻጻፋችሁት ሰው የሚሄደው እሱ ነው።