ሰርቨር ሲጨመር ስልጠናው ለምን ይዘገያል? የአነስተኛ ኤአይ ክላስተር ኔትወርክ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ከ2 እስከ 16 የጂፒዩ (የስልጠናውን ስሌት የሚሰራው ፕሮሰሰር) ሰርቨር አገናኝቶ ሞዴል የሚያሰለጥን ሰው ስልጠናው ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ስዊች (ሰርቨሮቹን የሚያገናኘውን መሣሪያ) መግዛት ነው። ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ከታች ያሉትን በቅደም ተከተል ፈትሹ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ስዊቹ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ ውስጥ ነው።

ምልክት፦ 1 ሰርቨር ጥሩ ይሰራል፣ 4 ሲሆኑ ይዘገያል

መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ። ባለ 7 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል ግራዲየንቱ (ሰርቨሮቹ በየዙሩ የሚለዋወጡት የማስተካከያ ቁጥር) በ16 ቢት 14 ጊጋባይት ነው። 4 ሰርቨሮች በቀለበት ሲቀባበሉት እያንዳንዱ 21 ጊጋባይት ይልካል። በ10 ጊጋቢት መስመር ይህ ወደ 17 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ100 ጊጋቢት ከ2 ሰከንድ በታች። ያላችሁ የ10 ጊጋቢት መስመር ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ሌላ አትፈልጉ።

መስመሩ 100 ሆኖም ከዘገየ የኤንሲሲኤልን (የጂፒዩዎቹን ግንኙነት የሚመራውን ሶፍትዌር) መዝገብ ወደ ዝርዝር ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ስልጠናውን አስነሱ። ግንኙነቱ በ«ሶኬት» ነው ካለ አርዲኤምኤ (ዳታን ያለ ሲፒዩ ጣልቃ ገብነት ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ የሚያሻግረው ዘዴ) አልሰራም፣ ዳታው በተራ ቲሲፒ እየሄደ ነው። የተለመዱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር አልተጫነም፣ ስልጠናው የሚሮጥበት ኮንቴይነር የአርዲኤምኤውን ዲቫይስ አያየውም፣ ወይም ሶፍትዌሩ የማኔጅመንቱን የ1 ጊጋቢት ፖርት መርጧል። ለሦስተኛው የፖርቱን ስም በግልጽ ስጡት።

ምልክት፦ 100 ጊጋቢት ካርድ ከ50 እስከ 60 ላይ ይቆማል

ካርዱ የተሰካበትን ስሎት እዩ። ሦስተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው መስመር) በ8 ሌን ከ63 ጊጋቢት አያልፍም። ስሎቱ በርዝመቱ የ16 ሌን መስሎ ውስጡ ለ8 ብቻ የተዘረጋ ማዘርቦርድ አለ፤ በዓይን አይለይም። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሊንኩን ስፋትና ፍጥነት አንብቡ፣ ከዚያ ካርዱን ወደ እውነተኛው 16 ሌን አዛውሩ።

ስሎቱ ደህና ከሆነ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን በባይት) ተመልከቱ። ሰርቨሩ ላይ 1500 እንደሆነ ከቀረ የአርዲኤምኤው ፓኬት ወደ 1024 ይወርዳል። ሰርቨሩን 9000፣ ስዊቹን 9216 አድርጉ።

ሰርቨሮቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በፐርፍቴስት (የአርዲኤምኤ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ለኩ። ከ90 ጊጋቢት በታች የሚያሳየው ጥንድ ውስጥ ጥፋተኛው አለ። ሀረጎን (ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ዳገት) የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ከፊት አንድ የተጫነ ተሳቢ ካለ የኋላው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስልጠናም እንዲሁ ነው፤ 15ቱ ጤነኛ ሰርቨሮች 1ዱን በሽተኛ ይጠብቃሉ።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ፍጥነቱ ወረደ

ይህ በእኛ አካባቢ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የሮኪ ኔትወርክ (አርዲኤምኤ በኢተርኔት ላይ) ፓኬት እንዳይጥል ፒኤፍሲ (ስዊቹ ሲሞላ ላኪውን «ቁም» የሚለው) እና ኢሲኤን (መጨናነቅ ሲጀምር የሚያስጠነቅቀው) ያስፈልጉታል። ሰርቨሩ ላይ በትእዛዝ የሚሰጡ የፒኤፍሲ ቅንብሮች ግን ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋሉ። ስዊቹም ላይ ቅንብሩን ያስገባው ሰው ሳያስቀምጠው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምንም ስህተት አይጻፍም፣ ሊንኩም አረንጓዴ ነው፤ ፓኬት ብቻ ይወድቃል።

መፍትሄው፦ የሮኪ ትራፊክ በዲኤስሲፒ (ፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የትራፊክ ዓይነት ምልክት) 26 ወደ ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ መደብ) 3 ይግባ፤ ፒኤፍሲ በ3 ላይ ብቻ ይከፈት፤ የመጨናነቅ ማሳወቂያው በዲኤስሲፒ 48 ወደ ፕራዮሪቲ 6 ይሂድ። ቁጥሮቹ በሰርቨሩና በስዊቹ አንድ መሆን አለባቸው። የሰርቨሩን ትእዛዞች ማሽኑ ሲነሳ በሚሮጥ ሰርቪስ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ አስነሱና የፕራዮሪቲ 3 የፖዝ ቆጣሪ መንቀሳቀሱን፣ የወደቀ ፓኬት ቆጣሪው ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ዩፒኤስ ለሰርቨሩ ተገዝቶ ስዊቹ ግድግዳ ላይ የተሰካበት ክፍልም አይጠፋም።

በኢተርኔት ፈንታ ኢንፊኒባንድ (ሌላ የአርዲኤምኤ ኔትወርክ ዓይነት) የምትጠቀሙ ከሆነ መብራት ሲመጣ ፖርቱ «ኢኒሻላይዚንግ» ላይ ቆሞ የሚቀረው ሰብኔት ማናጀሩ (ኔትወርኩን የሚያዋቅረው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኦፕንኤስኤም) ስላልተነሳ ነው። ኦፕንኤስኤምን አስነሱ፣ በሁለተኛ ማሽንም ተጠባባቂ አኑሩ።

ምልክት፦ ሊፍና ስፓይን ተገዝቶም ፍጥነቱ ይዋዥቃል

ሊፍ ሰርቨሮቹ የሚሰኩበት ስዊች ነው፣ ስፓይን ደግሞ ሊፎቹን የሚያገናኘው። የኤአይ ትራፊክ ጥቂት ግን ግዙፍ ፍሰቶች አሉት። ኢሲኤምፒ (ፍሰቶችን በእኩል መንገዶች ላይ የሚያከፋፍለው ዘዴ) ሁለቱን በአንድ ሽቅብ መስመር ላይ ሊደርባቸው ይችላል፣ ጎረቤቱ መስመር ባዶውን እያለ። በአንድ ግንኙነት የሚከፈቱትን ኪውፒዎች (የአርዲኤምኤ የመላኪያና የመቀበያ ወረፋ ጥንዶች) ወደ 4 ከፍ ማድረግ ፍሰቱን ይበትነዋል። ሊፉ ላይ 24 ወደ ታች፣ 8 ወደ ላይ ከተሰካ ደግሞ መጠኑ 3 ለ 1 ነው፤ ለስልጠና 16 በ16 ይሁን።

ግን መጀመሪያውኑ ያስፈልጋችሁ ነበር? 16 ሰርቨር ሁለት ሁለት ፖርት ቢኖረው 32 ፖርት ነው፤ አንድ ስዊች ይበቃዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር 8 ካርድ ኖሮት ፖርቱ 128 ሲደርስ ነው 8 ሊፍና 4 ስፓይን የሚመጣው።

ምልክት፦ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ

ፋይበሩ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ብርሃን ደርሶ ለመመለስ 250 ማይክሮ ሰከንድ ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ በ100 ጊጋቢት መስመር ላይ ወደ 3 ሜጋባይት ዳታ በመንገድ ላይ አለ። ፒኤፍሲ «ቁም» ሲል ያንን ሁሉ የሚውጥ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ ሜሞሪ) ለእያንዳንዱ ፖርት ያስፈልጋል፤ ለዳታ ሴንተር ውስጥ የተሰራ ስዊች ብዙውን ጊዜ ይህን አይችልም። ስልጠናውን በአንድ ከተማ ሰብስቡ፣ በፋይበሩ ዳታና የተቀመጠ ሞዴል ብቻ አመላልሱ።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ ሊንክ ይቋረጣል

ሙቀት ነው። ደሴ ላይ በብርዱ መተማመን ያሳስታል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይሸከምም። እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት የኤ2 ደረጃ (የዳታ ሴንተር መሣሪያ የሙቀት ምደባ) መሣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነስበታል፤ በ2,500 ሜትር ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ የስዊቹን ፋን አቅጣጫ እዩ። የስዊቹ ፖርቶች ከሰርቨሮቹ ጀርባ በኩል ከዞሩና ፋኑ ከፖርቱ ወገን የሚስብ ከሆነ የሚጠጣው የሰርቨሮቹን ትኩስ ትንፋሽ ነው። በተቃራኒው የሚነፍስ የፋን ሞጁል ግዙለት፤ የፓወር ሰፕላዩም አቅጣጫ ከፋኑ ጋር አንድ መሆን አለበት።