25.12 ከየት መጣ?

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ሳጥን ላይ የቆመ ሲሊንደር ነው፤ የሚጠይቀው የጠቅላላ ቅርጹን የገጽታ ስፋት ነው። ሳጥኑ በሴንቲ ሜትር 10 በ8 በ5፤ የሲሊንደሩ ሬዲየስ 2፣ ቁመቱ 7። የሁለቱን የገጽታ ስፋት ለየብቻ አስልቼ ደመርኩ፦ 340 እና 113.04፣ በድምሩ 453.04። መልሱ ግን 427.92 ይላል። መጽሐፉ ተሳስቷል ብዬ ድርቅ አልኩ።

በኋላ የጫማ ካርቶን ላይ የወተት ጣሳ አስቀመጥኩ። ያኔ ገባኝ። የጣሳው ቂጥ ተደብቋል፤ ከሥሩ ያለው የካርቶኑ ክብም እንደዚያው። አንዱን ብቻ ብቀንስ አልመጣልኝም። ክቡ 3.14 × 2 × 2፣ ማለትም 12.56 ነው። ሁለቴ፣ ማለትም 25.12 ስቀንስ ልክ መጣ!

አቋራጭም አለው፦ ሳጥኑን ሙሉውን ያዝና የሲሊንደሩን የጎን ገጽታ ስፋት ብቻ፣ 87.92ን ጨምር። የጣሳው ክዳን የተሸፈነውን ክብ ይተካል።

የቤት ሥራው ባለቤት ግን ተኝቷል።