በእኛ ዕድሜ የእንጨት መርከብ ሞዴል ስንሰራ የምንሳሳታቸው ነገሮች (አብዛኛውን እኔው ተሳስቼዋለሁ)

ጡረታ በወጣሁ በወሩ የገዛሁት የመጀመሪያ ኪት (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በሳጥን የሚሸጡ፣ ገዢው የሚገጣጥመው ዕቃ) ቪክቶሪ ነበረች፣ አዎ ራሷ፣ እንግሊዛዊው አድሚራል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ላይ ተዋግቶ የሞተባት፣ 104 መድፍ የምትሸከመዋ። ሳጥኑን ከፍቼ የእንጨቱን ሽታ ሳሸተው ደስታዬ ሌላ ነበር። ይኸው ስምንት ዓመት ሞላው፣ ሳጥኑ ቁምሳጥን ላይ ነው፣ ውስጡ ግማሽ የተሰራ አጽም አለ። ከሷ በኋላ አራት ትናንሽ ጀልባዎች ጨርሻለሁ፣ እና አሁን የምላችሁ ሁሉ ተሳስቼ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ሰርቼ ያየሁት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ያው የኔው ነው፣ የምንመኛትን መርከብ መግዛት። ትልቅ የጦር መርከብ የሚከብደው ስራው ረቂቅ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መደጋገሙ ነው የሚገለው። አንድ መድፍ መስራት ደስ ይላል፣ አስረኛው ላይ እጅ ይለምዳል፣ አርባኛው ላይ ግን ሰው ምን በድዬ ነው ይላል። የታችኛው ፎቅ መድፎች ብዙ ጊዜ አፋቸው ብቻ ነው የሚሰራው፣ እሱም ቢሆን መስኮቱና ክዳኑ አይቀርላችሁም። ደግሞ ቪክቶሪ በ1/72 ስኬል (ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ አንሳ ማለት ነው) ከፊት ከሚወጣው ምሰሶ ጋር ከ1.3 ሜትር በላይ ነው የምትረዝመው፣ ይሄ ማለት እንጨት ስታለብሷት መገልበጥ፣ ማዞር፣ ማንሳት፣ ማስቀመጥ ነው፣ ትከሻው ለሚያመው ሰው ጂም እንደመግባት በሉት፣ ሲያልቅ ደግሞ የመስታወት ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ ከቤት ሰው ጋር ድርድር አለ። ባለ አንድ ምሰሶ ኩተር፣ የዓሣ ጀልባ፣ ወይ ጭራሽ ምሰሶ የሌላት የመቅዘፊያ ጀልባ ግዙ።

ትንሽ መርከብ ግዙ ስል ግን ትንሽ ስኬል ግዙ ማለቴ አይደለም፣ ሁለቱን ማደባለቅ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ዓይናችንን የሚፈርድበት ይሄ ነው። 1/96 ከ1/48 ይተልቃል ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ ከታች ያለው ቁጥር በጨመረ ቁጥር ሞዴሉ እንደሚያንስ የነገረው የለም። ቁመቱ 1.70 የሆነ መርከበኛ በ1/48 35 ሚሊ ገደማ ይሆናል፣ በ1/64 26 ወይ 27፣ በ1/96 ግን 18 ሚሊ እንኳን አይሞላም። አሁን እንዲህ አስቡት፣ 48 ሜትር የምትረዝም መርከብ በ1/96 ግማሽ ሜትር ትሆናለች፣ 12 ሜትር የሆነች ጀልባም በ1/24 ያው ግማሽ ሜትር ናት። መደርደሪያ ላይ የሚይዙት ቦታ አንድ ነው፣ ጀልባዋ ላይ ግን አንድ መርከበኛ በቁመት አራት እጥፍ ነው፣ ገመዱም፣ የገመዱ ፑሊም እንደዛው። ስለዚህ ኪት ስትመርጡ የሳጥኑን ርዝመት ከማየት በፊት የዕቃ ዝርዝሩን ፈልጉና ትንሹ ፑሊ ስንት ሚሊ እንደሆነ እዩ። 2 ሚሊ ካለ ቀዳዳው ውስጥ ክር የምታስገቡት እናንተ ናችሁ፣ ሌላ ሰው አይመጣም።

የሳጥኑን ፎቶ ማመንም አለ። ፎቶው ላይ ያለችውን የሰራት ባለሙያ ነው፣ ምናልባትም ሳጥኑ ውስጥ የሌለ ዕቃ ጨምሮባታል። ከፎቶው ይልቅ መመሪያውን እዩ፣ ብዙ አምራቾች ዌብሳይታቸው ላይ ሙሉውን ፒዲኤፍ ይለቁታል፣ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ካለውና ፕላኑ በሙሉ መጠን ከተሳለ ጥሩ ነው፣ አራት ገጽ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ እለፉት። ለጀማሪ ቀፎው (የመርከቧ ገላ) ሁለት ጊዜ በስስ እንጨት የሚለብሰውን እመርጣለሁ፣ የመጀመሪያው ንብርብር ቢጎረብጥ በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል፣ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ስስ የዋልነት እንጨት ሁሉን ይሸፍነዋል። ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ የወረደ ኪት ስታዩ ደግሞ ተጠራጠሩ፣ የሰው ፕላን ኮፒ አድርገው የሚሸጡ አሉ፣ እንጨቱ ይሰባበራል፣ ዕቃ ቢጎድል የሚመልስላችሁ የለም። ሳጥኑ እንደደረሰ ዕቃውን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ከስድስት ወር በኋላ ጎደለኝ ብትሉ ማን ይሰማችኋል።

ዓይን። እኔ ለሁለት ወር ሙሉ ቀዳዳ ስበሳ ከመሀል እየሸሸ አስቸገረኝ፣ መጀመሪያ የመሰርሰሪያውን ጫፍ ቀየርኩ፣ ከዛ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ ብዬ ተጨነቅሁ፣ በመጨረሻ የዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ የቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ ነበር። ሁለት መሰርሰሪያ ለምንም ገዛሁ። ስለዚህ እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ዓይናችሁን ታዩ። ሌላው የማንበቢያ መነጽር ይበቃኛል ማለት ነው፣ ባለ 2.5 መነጽር በተለይ ቅርቡን ማየት ላቆመ ዓይን 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚያጠራው፣ ቋጠሮ ስናስር ደግሞ ሳናውቀው 20 ሳንቲ ድረስ እንጠጋለን። ራስ ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር ግዙ፣ ግን በጣም የሚያጎላውን አይደለም፣ ባጎላ ቁጥር ይበልጥ መጠጋት አለባችሁ፣ ያኔ አንገትና ወገብ ነው የሚከፍለው። መብራቱም አንድ ብቻ ከሆነ የእጃችሁ ጥላ ስራው ላይ ያርፋል፣ ግራና ቀኝ ሁለት አድርጉት።

አሁን ወደ ስራው። ሁሉም ሰው የሚቸኩለው የጎድን አጥንቶቹን (ለቀፎው ቅርጽ የሚሰጡትን እንጨቶች) አጣብቆ ቶሎ እንጨት ማልበስ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ነው መርከብ የምትመስለው። ቆዩ! መጀመሪያ የጀርባ አጥንቷን መስታወት ላይ አጋድሟት፣ ከተጣመመች እዛው ይታያል፣ ኮምፔንሳቶ እርጥበት ካገኘው ይጣመማል። ከዛ አጥንቶቹን ከጣበቁ በኋላ ጠርዛቸውን መሞረድ አለባችሁ፣ በተለይ ከፊትና ከኋላ፣ ቀጭን እንጨት አስደግፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱት፣ እያንዳንዱ አጥንት ላይ ሙሉ ለሙሉ ካልተኛ፣ አንዱ ጋ ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬ ላይ ይሄን ዘለልኩት፣ ቀፎዋ ሲያልቅ በሶስት ቦታ እንደተራበ ፈረስ ጎን ሆነ።

ሲለብስም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይሆንም፣ አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ እያላችሁ ካልሄዳችሁ ኮላው ሲደርቅ አጽሟን ወደ አንድ በኩል ይጎትታትና እንደ ሙዝ ትጎብጣለች። እንጨቱን ደግሞ ወደ አፍንጫዋ ስትደርሱ በግድ በጠርዙ አትጠምዝዙት፣ አንደኛው ጠርዝ ይነሳል፣ በሚስማር ትመቱታላችሁ፣ ይሰነጠቃል፣ እናንተም ትሳደባላችሁ። ወደ ጫፉ እየሳለ እንዲሄድ በመላጊያ አጥብቡት፣ ከግማሽ ስፋቱ በታች ግን አታውርዱት፣ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አውጡና በካውያ ጫፍ ቀስ እያላችሁ እጠፉት፣ አስራችሁ አድርቁት፣ ከደረቀ በኋላ ብቻ ኮላ።

ኮላ ካልኩ፣ ሱፐር ግሉን ለሁሉም ነገር የሚጠቀም ሰው አለ። ለእጀ ፈጣን ወጣት ይሆናል፣ እኛ ግን አስቀምጠን፣ መነጽር አስተካክለን፣ እስክናይ ድረስ ደርቋል። ነጩ የእንጨት ኮላ ጥቂት ደቂቃ ይታገሳል፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዛችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ከተሳሳታችሁም በውሃና በሙቀት ይለቃል። በሱፐር ግሉ ጣት ከተጣበቀ አትገንጥሉት፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ እያላችሁ አላቁት።

የእንጨት ብናኝ ቀልድ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል፣ በርግጥ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ ልኩን የሰራ ሰው ላይ ነው በዋናነት የታየው፣ ግን ማስክ ማድረግ ምን ይጎዳል። ምላጩንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ የደነዘ ምላጭ በኃይል ስለሚገፋ ነው የሚያመልጠው፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ይሄን ሁለቴ አንብቡት፣ እኔ አንዴ ትንሽ ተቆርጬ ደሙ አልቆም ብሎኝ ፕላኑን በሙሉ አበላሽቻለሁ።

የመጨረሻው ገመድ ነው። ምሰሶውን ወደ ጎን የሚይዙትን ወፍራም ገመዶች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እሰሩ፣ ያለዛ ምሰሶው ይዘማል። ክሩን መጀመሪያ በንብ ሰም ውስጥ ሳቡት፣ ጸጉሩ ይተኛል። ቋጠሮው ላይ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ንኩት እንጂ ሱፐር ግሉ አታድርጉ፣ ክሩን ያደርቀውና ነካ ስታደርጉት ቀጭ ይላል። እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ክርኑንና አንጓውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፣ ራሱ የሚቆነጥጥ ወረንጦም ይግዛ፣ እኔ ቡና ከጠጣሁ በኋላ ቋጠሮ አልነካም። ከዛ መርከበኛው የሚወጣበት መሰላል ይመጣል፣ በ1/64 በየ6 ሚሊው አንድ መስመር ማለት ነው፣ ሰው እዚህ ሲደርስ ልጨርስ ብሎ ሌሊቱን ይቀመጣል። ሲደክም ክሩን ያጠብቀዋል፣ ሲያጠብቀው ወፍራሞቹ ገመዶች ወደ መሀል ይሳባሉ፣ ጠዋት ሲነሳ መሰላሉ ወገቡን በመቀነት እንዳሰረ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። እኔ በቀን አስር መስመር ብቻ ነው የማስረው፣ አስራ አንደኛውን ያሰርኩ ቀን ጠዋት የምጀምረው እሷን ከመፍታት ነው።