የአገር መድኃኒትን በባክቴሪያ ላይ ለሚፈትሹ ጀማሪ ተመራማሪዎች፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመመረቂያ ጥናት በገመገምሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠብቀኛል፦ «የዚህ ቅጠል ጭማቂ ከሲፕሮፍሎክሳሲን የበለጠ ባክቴሪያ ገዳይ ሆኖ ተገኝቷል።» ሲፕሮፍሎክሳሲን የታወቀ አንቲባዮቲክ ነው። ማስረጃው በፔትሪ ዲሹ (ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን) ላይ፣ በዲስኩ (መድኃኒቱን ወይም ጭማቂውን በያዘው ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ነው። የቅጠሉ ክብ በሁለት ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ አለቀ፣ መድኃኒት ተገኘ!

እስቲ ረጋ እንበል። የሲፕሮፍሎክሳሲኑ ዲስክ የያዘው 5 ማይክሮግራም ንጹሕ መድኃኒት ነው። ተማሪው በራሱ ዲስክ ላይ ያንጠባጠበው ድፍድፍ ጭማቂ 5 ሚሊግራም እንኳ ቢሆን ሺህ እጥፍ ነው። ይህን ያህል ጭኖ ማሸነፍ ምን ይደንቃል? በዚያ ላይ የክቡ ስፋት የመድኃኒቱን ብርታት ብቻ ሳይሆን በአጋሩ (ባክቴሪያው በሚበቅልበት ጄል መሰል ማሳደጊያ) ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭም ያሳያል። ኮሊስቲን ብዙ መድኃኒት ለተላመዱ ግራም ኔጌቲቭ (ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸው) ባክቴሪያዎች በመጨረሻ ከሚታዘዙት አንዱ ነው፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ግን በአጋር ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፣ ስለዚህ በዲስክ እንዲለካ አይመከርም። በሚሊ ሜትር ብቻ የሚፈርድ ሰው ኮሊስቲንን ጥሎ ሎሚ ያነሣል።

ክቡ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጭማቂውን በፈሳሽ ማሳደጊያ ውስጥ በየደረጃው በግማሽ እያቀጠናችሁ እድገትን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን ፈልጉ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ከሰው አካል ጋር አስተያዩት። በሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ሲደርስ «ውጤታማ ነው» የተባለ ጭማቂ ቀርቦልኛል። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ያን መጠን በደሙ ውስጥ ለማድረስ ግማሽ ኪሎ ጭማቂ ያስፈልጋል! ባክቴሪያውስ ይሙት፤ በሽተኛው ምን አጠፋ? ለቁስል የሚቀባ ነው ካላችሁ ነገሩ ይለያል፤ ታዲያ ጥናቱን ስትጀምሩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት።

ሌላ ዲስክ ጭማቂው በወጣበት ማሟሟያ (ለምሳሌ በሜታኖል) ብቻ አርሶ አብሮ አለመፈተሽ፦ ባክቴሪያውን የገደለው ሜታኖሉ ሊሆን ይችላል።

የባክቴሪያውን ጥግግት በዓይን መገመት፦ 0.5 ማክፋርላንድ የተባለው መለኪያ (የባክቴሪያ ፈሳሽን ድፍርስነት ማነጻጸሪያ) የተሠራው ለዚህ ነው። በዲሹ ላይ የተዘራው ባክቴሪያ ከሳሳ ክቡ ያለ አግባብ ይሰፋል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ በዲሹ ላይ ምንም አላሳየም ብሎ መጣል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው ፕሮንቶሲል የተባለ መድኃኒት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተለከፉ አይጦችን አድኗል፤ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ግን ባክቴሪያውን አልነካውም። በዚያው ዓመት በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የነበሩ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ደረሱበት፦ ሰውነት ፕሮንቶሲልን ሲሰነጥቀው ሰልፋኒላማይድ ይወጣል፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ይህን ታሪክ ስነግራችሁ እሰጋለሁ። አንድ ተማሪ ምንም ያልሠራለትን ጭማቂ «እንደ ፕሮንቶሲል ሊሆን ይችላል» ብሎ ተከራክሮልኛል። ድፍረቱን ወድጄለታለሁ፤ አይጥ ላይ ሞክሮ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም አለ።

ሁሉን ነገር መቀቀልም ሌላው ችግር ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ባክቴሪያን የሚዋጋውን አሊሲንን ይፈጥራል፤ ሳይቀጠቀጥ ከተቀቀለ ኢንዛይሙ ይበላሻል። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮም ለወባ መድኃኒቱ ለአርቴሚሲኒን የደረሱት ሙቀቱን ቀንሰው በኤተር ማውጣት ሲጀምሩ ነው። መድኃኒት ዐዋቂው ቅጠሉን ወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ቢያንስ አንዱን ናሙና እንደ እሱ አዘጋጁት።

ቅጠል ከገበያ ገዝቶ «ዳማ ከሴ ነው» ተብሎ የተነገረውን ይዞ ላቦራቶሪ መግባት፦ አንድ ስም በየአገሩ ለተለያየ ዕፅ ይሰጣል። አበባ ያለውን ቅርንጫፍ አድርቃችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አስለዩት፤ ናሙናውንም እዚያው በቁጥር አስቀምጡት።

በመጨረሻም፣ ናሙና ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ለመላክ የምታስቡ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አወሳሰድ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት ከተቆረጠ በኋላ አይደለም።