የአያት ጠመንጃ እውነተኛ መሆኑን ከውጭ ሆኖ ማጣራት

አባት ወይም አያት አርፈዋል። ቤት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ጠመንጃ ቀርቷል። እናንተ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ናችሁ። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ «የአድዋ ጠመንጃ ነው አሉ፣ ደላላው ገዢ ይዞ መጥቷል፣ ምን እናድርግ?»

መጀመሪያ ማንም እንዳይወለውለው ንገሩ። ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው ጉዳቱ ስለማይመለስ ነው። ሰው በቅንነት ብርጭቆ ወረቀት ያነሳና ዝገቱን ይፍቃል፣ ሰደፉን ቫርኒሽ ይቀባል፣ ከዝገቱ ጋር ደግሞ የፋብሪካው ምልክትና የተመረተበት ዓመት አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ባለሙያም የሚያነበው ነገር አያገኝም። ለሙከራ ብሎ መተኮስም ክልክል ይሁን። ያረጀ ብረትና ያረጀ ጥይት ሰው ይገድላል። ጥይት እንዳልጎረሰ የሚያረጋግጠውም የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ልጆች አይጠጉት።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ወጥቷል፣ «የአያቴ ነው» ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። የሟቹ የፈቃድ ወረቀት ካለ ፈልጉት፤ መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ስለሚጻፍ ለማጣራትም ይጠቅማችኋል። ቤት ያለው ወንድም ወይም አጎት ወደ አካባቢው ፖሊስ ሄዶ በግልጽ ያሳውቅ። ከኤምባሲ የምትልኩት ውክልና ቤትና መኪና ያስጨርስ ይሆናል እንጂ የጠመንጃ ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ ፎቶው። በቴሌግራም ስትቀበሉ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንስና ፊደሉ አይነበብም። በቀን ብርሃን፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነሳ። መጀመሪያ ሙሉው በግራም በቀኝም፣ ከዚያ አፈሙዙ (ጥይቱ የሚያልፍበት ረጅሙ ቱቦ) ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ከላይና ከጎን፣ የመዝጊያው (ጥይቱን አጉርሶ የሚዘጋው ክፍል) እጀታ፣ ሰደፉ ላይ የተመታ ማኅተም ካለ እሱም። ቁጥር ያለበት ክፍል ሁሉ ለየብቻው ይነሳ። አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥርና መዝጊያው ላይ ያለው ካልተመሳሰለ አንዱ በሌላ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለውን ዋጋ ግን ይቀንሳል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ሌባ ትጠራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። ብረቱ ላይ የተመታው የፈረንጅ ዘመን ነው፣ የቤተሰቡ ወሬ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። አድዋ የካቲት 1888፣ ማይጨው መጋቢት 1928 ነው፤ በፈረንጅ 1896 እና 1936 ማለት ነው። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ላይ 1874 የሚል ቢነበብ እሱ የሞዴሉ ዓመት ነው፣ የተመረተበት ዓመት ለብቻው አፈሙዙ ላይ ይፈለጋል። ውጅግራ አድዋ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ታሪኩ ሊገጥም ይችላል። ቤልጅግ፣ የቤልጅየሙ ጠመንጃ፣ ከሆነና ኤርስታል የሚል የፋብሪካው ከተማ ስም ካለበት ደግሞ በብዛት የምናየው ከ1924 ሞዴል ወዲህ የተሠራው ነው፤ ያ ዓይነት አድዋ አልደረሰም። ያ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ የማይጨው ዘመን ጠመንጃም ትልቅ ታሪክ አለው።

ከጣሊያን የተማረከ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ደስ ይላል፤ ብረቱ ራሱ ይመሰክራልና። በአድዋ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የተባለውን ወፍራም ጥይት የሚተኩሰውን ነው። ካርካኖ የተባለው ሌላው የጣሊያን ጠመንጃ፣ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በአምስት ዓመቱ ወረራ ጊዜ በብዛት የገባ ነው። በሙሶሊኒ ዘመን የተሠራው ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማን ቁጥር ሊኖር ይችላል፣ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ 1937 ከጎኑ አሥራ አምስት የሚል የሮማን ቁጥር ካለ፣ ያ ጠመንጃ ከማይጨው በኋላ የተሠራ ነው። እንግዲህ አያት «ማይጨው ላይ ማረክሁት» ብለው ከሆነ ቦታው ተምታቷል፣ አርበኛ ሆነው ጫካ ሳሉ የማረኩት ሊሆን ግን ይችላል። ለዚህ ነው የቀሩትን ሽማግሌ ዛሬውኑ በድምፅ መቅዳት ያለባችሁ። ማን፣ የት፣ ከማን ጋር ዘመተ ብላችሁ ጠይቁ፤ «የአድዋ ነው አይደል?» ብላችሁ ግን መልሱን አትስጧቸው።

የይሁዳ አንበሳ ያለበት ጠመንጃ ዋጋው ስለሚወደድ አንበሳውን ዘግይተው የሚመቱበት ሰው አይጠፋም። አሮጌ ምት ከዙሪያው ብረት ጋር አብሮ ያረጃል። ዙሪያው ጠቁሮ ተበልቶ አንበሳው ብቻ ስለታምና አብረቅራቂ ከሆነ ተጠራጠሩ።

በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚባለውን እርሱት። መዝጊያውንም፣ አንዲት ጥይትም ቢሆን። ከመሣሪያው ሕግ በተጨማሪ የቅርስ አዋጅ 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቤተሰቡ ማስቀመጥ ካልቻለ የቅርስ ባለሥልጣንን ወይም ሙዚየም ማናገር ከደላላው ይሻላል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እዚያው የምትገዙትን አጣሩ። ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በቅርብ ዓመታት በአስመጪዎች ገብተው ተሽጠዋል። አስመጪው ስሙን ብረቱ ላይ መምታት አለበት፤ ያ ማኅተም እያለበት «አያቴ ከጎንደር ያመጡት» የሚላችሁን አትመኑ። ሞሲን የተባለውን የሩሲያ ጠመንጃ ከነመነጽሩ፣ የስናይፐሩን ማለቴ ነው፣ የሚሸጥላችሁ ካለም ተጠንቀቁ፤ ተራው ሞሲን ተበስቶ መነጽር እየተገጠመለት በብዛት ይሸጣል። ፒዩ የተባለው መነጽር ሞሲን ላይ የገባው በፈረንጅ ከ1942 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ አፈሙዙ ላይ 1938 ካያችሁ ጥያቄ አንሱ። የመዝጊያው እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ይሁን። የመነጽሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ሥር በግራ በኩል ተመትቶ ይገኛል፤ ሻጩ የዚያን ቦታ ፎቶ ካልላከ ገንዘብ አትላኩ።