ኤርታ አሌ እንዴት ይኬዳል? ከቀብድ እስከ እሳቱ ጫፍ

የአፋሩን እሳተ ገሞራ ኤርታ አሌን ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይጠይቅ፣ ክፋት የለውም። ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ እሳቱ አሁን ይታያል ወይ?

ፎቶ ላይ የምታዩት ቀይ የላቫ (የቀለጠ ድንጋይ) ሐይቅ ሁልጊዜ አይገኝም። ጥር 2009 ዓ.ም. ሐይቁ ሞልቶ ገነፈለ። ብዙም ሳይቆይ የተራራው ጎን ተሰነጠቀና ላቫው በዚያ ወጣ፤ ሐይቁም ወደ ታች ሸሸ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ድረስ ደክሞ ጭስ ብቻ አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅቱን “በቅርቡ የሄዱት ምን አዩ?” በሉት። ፎቶ ካሳያችሁ ቀኑን ጠይቁ። “ኧረ ሁሌም ይታያል” የሚላችሁን ተዉት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ተራራው ጠባዩን ቢቀይር ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ በድንገት ፈንድቶ አመዱን ሰማይ ላይ በተነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አስተጓጎለ። ቀስ ብሎ የሚፈላ ላቫ ቀርበው ያዩታል። እንዲህ አመድ የሚተፋው ዓይነት ሲጀምር ግን ጉዞው ይሰረዛል፣ አለቀ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በበጋው ማብቂያና በክረምት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ መሄድ ራስን መቅጣት ነው።

አንዱ መንገድ በሰመራ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በላንድክሩዘር ወደ አፍዴራ ይኬዳል፤ ጨው የሚመረትባት፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ቦታ ናት። ብቻችሁን መኪና ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። ጥር 2004 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። የክልሉን ፈቃድ፣ የአካባቢውን መንገድ መሪና አጃቢ ጥበቃ ድርጅቱ ያሟላ እንደሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

መንገድ ላይ ሹፌሩ ድንገት መኪና አቁሞ ከአንድ ግመል ጠባቂ ጋር ረጅም ሰላምታ ቢጀምር አትነጫነጩ። ዳጉ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ወዴት ሄደ፣ ተራራው ትናንት ማታ እንዴት አደረ። ስልካችሁ ኔትወርክ በሌለበት አገር ከዚህ የተሻለ መረጃ አታገኙም። ሹፌሩ ሲመለስ ምን እንደሰማ ጠይቁት።

ለጉዞው ብዙ አትሸከሙ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የቆዳ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ኦአርኤስ (ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር)። ሃይላንድ ውሃ ይበቃኛል ካላችሁት በላይ ያዙ። ማስክ ላይ ግን አትቆጥቡ። የኮቪድ ጊዜው ማስክ አቧራ እንጂ ጋዝ አያግድም፤ የአሲድ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ መነጽሩን ይያዝ፣ ጋዙ ዓይን ያቃጥላል።

ድሮ ዶዶም ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ ሦስት አራት ሰዓት በእግር ይኬድ ነበር። አሁን መኪና በጣም ይጠጋል። ጉዞው ግን ያው ማታ ነው፤ አንድም ለሙቀቱ፣ አንድም ቀዩ የሚደምቀው በጨለማ ስለሆነ። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ስለሆነ አቀበቱ አያስፈራም።

የሚያስፈራው አናቱ ላይ ነው። አዲስ የቀዘቀዘው ላቫ በባትሪ ብርሃን ሲያዩት ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የተጠቀለለ ነው። ጠንካራ ይመስላል። ስትረግጡት ግን እንደ ቀጭን ብርጭቆ ክሽ ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። መንገድ መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ። ብትወድቁ እጃችሁን ታሳርፋላችሁ፣ ጓንቱ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ስንጥቆቹ ውስጥ ወርቃማ ፀጉር የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ነፋስ የሳበው የላቫ ጠብታ ነው፣ ቀጭን መስታወት ማለት ነው። አትንኩት፤ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ጉድጓዱ አፍ ስትደርሱ መጀመሪያ ነፋሱን እዩ። ጭሱ ወደሚሄድበት በኩል አትቁሙ፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ። ዝቅ ያለ ቦታም አትቀመጡ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይጠራቀማል። ጠርዙ ከሥሩ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል። ለሰልፊ አንድ እርምጃ መጨመር የሚባለውን ነገር እርሱት፤ ከታች ያለው ከ1,100 ዲግሪ በላይ ነው። ነፋሱ ዞሮ ጭሱ ከመጣባችሁ ማስኩን አድርጋችሁ በመጣችሁበት ወደ ኋላ ውጡ፣ በጭሱ ውስጥ አትሩጡ። መንገድ መሪው “በቃ፣ እንሂድ” ካለ አትከራከሩት። “አምስት ደቂቃ ብቻ” የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። ያ ሰው አትሁኑ።

ተራራው ላይ የምታድሩ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱና ፀሐይ ሳትጠነክር ውረዱ። አፍዴራ ሐይቁ ዳር ፍል ውሃ አለ፣ እዚያ ታጠቡ። የለበሳችሁትን ለብቻው በፌስታል ቋጥሩት፤ የድኙ ሽታ ሻንጣውን ሁሉ ያዳርሳል።